ስንጥሩን ማን ፈለገው?

ሜይ 22 ቀን 1996፣ ሮም፣ ኦሊምፒኮ ስታዲየም። ጁቬንቱስ ከአያክስ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ራቫኔሊ ቀድሞ አገባ፣ ሊትማነን ከዕረፍት በፊት አቻ አደረገ፣ ከዚያ በኋላ 120 ደቂቃው እስኪሞላ ግብ የለም። በፍፁም ቅጣት ምት ጁቬንቱስ 4 ለ 2 አሸነፈ። ከአያክስ ዳቪድስና ሲሎይ ሳቱ፣ ዩጎቪች የመጨረሻዋን መረብ ላይ አሳረፈ፣ አለቀ።

አለቀ የምለው ሜዳ ላይ ነው። ከሜዳ ውጪ ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ ድረስ አላለቀም። የዚያን ዘመን ጁቬንቱስ አንሱና የድሮ ኳስ የሚወድ ሰው ጠይቁ። አንዱ «በመድኃኒት ነው የወሰዱት» ይላችኋል። ሌላው «ፍርድ ቤት ነፃ ብሏቸዋል፣ በቃ!» ይላል። ሁለቱም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። እኔን የሚገርመኝ ያንን ሙሉ ልብ ከየት እንዳመጡት ነው። ምክንያቱም የነገሩን ታሪክ ከመጀመሪያው ስትከታተሉት የምታገኙት ጥፋተኛም ንጹሕም ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው። ማስረጃ መቀመጥ የነበረበት፣ ግን ያልተቀመጠበት ቦታ። ያ ባዶ ቦታ እንዴት እንደተፈጠረ ነው ላወራችሁ የፈለግኩት።

ሁለት ሽማግሌ፣ ዘጠኝ ልጅ

ሥራዬ ሶፍትዌር ማልማት ነው፤ አንድ ነገር ሲከነክነኝ መጀመሪያ ቁጥሩን ነው የማየው። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ሜይ 24 ቀን 1995፣ ቪየና ላይ ከተደረገው ፍፃሜ ጀመርኩ። የያንዳንዱን ተጫዋች የትውልድ ቀን ከጨዋታው ቀን ጋር አስተያይቼ አሰላሁት።

የአያክስ የመጀመሪያ 11 አማካይ ዕድሜ 24.7 ነው። ይሄ ራሱ ለፍፃሜ ወጣት ነው፣ ግን አማካይ ቁጥር ይደብቃል። ከ11ዱ ውስጥ ዳኒ ብሊንድ 33፣ ፍራንክ ራይካርድ 32 ዓመታቸው ነበር። ሁለቱን አውጡና የቀሩትን ዘጠኙን አስሉ፤ ልክ 23 ይመጣል። ክላረንስ ሲዶርፍ 19 ነበር። ተቀይረው የገቡት ካኑ እና ክላይቨርት ደግሞ ገና 18። የማሸነፊያዋን ግብ በ85ኛው ደቂቃ ያገባው ክላይቨርት ነው፣ 19 ዓመት ሊሞላው አምስት ሳምንት ሲቀረው።

ከፊታቸው የቆመው ኤሲ ሚላን አማካይ ዕድሜው 28 ነበር። ባሬሲ 35፣ ማሳሮ 34። እዚህ ላይ «ወጣት ሽማግሌን አሸነፈ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፣ ግን አያክስን አያክስ ያደረገው ወጣትነቱ ብቻ አልነበረም። አሰልጣኙ ሉዊ ቫን ሃል ልጆቹን እንዲሮጡ ሲለቃቸው፣ መቼ መሮጥ እንደሌለባቸው የሚነግሯቸው ሁለት ሰዎች ከኋላ ነበሩት። ራይካርድ በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው ከዚያው ከሚላን ጋር ነበር። በ18 ዓመት ልጅ ውስጥ የሌለውን ነገር ተሸክሞ ነው ወደ አምስተርዳም የተመለሰው። የቡድን የዕድሜ ሚዛን የሚባለው ይሄ ነው፦ ጉልበት ያለው ጉልበቱን የት እንደሚያፈስ የሚነግረው ሰው አጠገቡ ሲኖር።

ሚዛኑ ብዙ አልቆየም። ራይካርድ ከቪየና በኋላ ጫማውን ሰቀለ። ሲዶርፍ ወደ ጣሊያን ሄደ። ዲሴምበር 1995 ላይ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቦስማን ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ፤ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ ቻለ። አያክስ ያሳደጋቸውን ልጆች አንድ በአንድ አጣ። ወደ ሮም የሄደው አያክስ እንግዲህ አንድ እግሩ የላላ ወንበር ነበር፤ ኦቨርማርስም በጉዳት ከሜዳ ርቆ ነበር። ይሄን የማነሳው በምክንያት ነው። ለ1996ቱ ሽንፈት መድኃኒት የማይጠይቅ ማብራሪያ መኖሩን ከመጀመሪያው ልብ እንድትሉልኝ ነው።

ዕድሜ ለምን ያስጠረጥራል?

አሁን የጁቬንቱስን አሰላለፍ እንየው። የሮሙ 11 አማካይ ዕድሜ 27.3 ነው። ዴል ፒዬሮ 21፣ ቪያሊ 31፣ ተከላካዩ ፒዬትሮ ቪርኮውድ ደግሞ 37! 37 ዓመቱ ሰውዬ፣ 120 ደቂቃ፣ ከአያክስ ክንፎች ጋር። ቪርኮውድ ከዚያ በኋላም እስከ 2000 ድረስ በሴሪ አ ቆይቷል።

ጥርጣሬ የሚወለደው እንዲህ ዓይነት ቁጥር ላይ ነው። ሰው አበረታች መድኃኒት ሲባል ጡንቻ ያስባል። በእግር ኳስ ውስጥ ግን ትልቁ ሀብት ማገገም ነው። እሁድ ተጫውተህ ረቡዕ እንደገና መሮጥ። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። እና በ90ዎቹ ውስጥ ይሄን የሚሸጥ ነገር ገበያ ላይ ነበር፦ ኢፒኦ። ኢፒኦ ኩላሊታችን ራሱ የሚያመነጨው፣ ሰውነት ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ የሚያዝ ሆርሞን ነው። በፋብሪካ የተመረተው ከ1989 ጀምሮ ለኩላሊት ሕሙማን መድኃኒት ሆነ። ደም ውስጥ ቀይ ሴል ሲበዛ ጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅን ይበዛል፣ ሯጭ ቶሎ አይደክምም። ብስክሌተኞቹ ቀድመው ገባቸው። በሽንት ውስጥ ኢፒኦን የሚለይ ምርመራ በኦሊምፒክ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። በመካከል ከአሥር ዓመት በላይ አለ። በነዚያ ዓመታት የተጠቀመም ያልተጠቀመም በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ሮም ላይ ጁቬንቱስም አያክስም ለኢፒኦ አልተመረመሩም፤ ምርመራው ስላልነበረ።

ግን ዕድሜን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር ሰው ይሄን ይመልስልኝ። በ2007 አቴንስ ላይ ሊቨርፑልን ያሸነፈው ሚላን አማካይ ዕድሜው በኔ ስሌት 30.6 ነው። ማልዲኒ 38፣ ኢንዛጊ 33። መሀል ሜዳ ላይ ማን ነበር? ሲዶርፍ፣ 31 ዓመቱ። በቪየና የ19 ዓመት ሕፃን የነበረው ያው ሰው። ሕፃን እያለ ስላሸነፈ አልተጠረጠረም፤ ሲያረጅ ስላሸነፈ ሊጠረጠር ነው? ሰው ቦታ አያያዝ ይማራል፣ ክለብ የሕክምና ክፍል ያቋቁማል፣ አሰልጣኝ ያፈራርቃል። በሥራዬ ቋንቋ ዕድሜ ማስጠንቀቂያ መብራት ነው። መብራቱ ሲበራ ገብተህ ታያለህ እንጂ መብራቱን ራሱን ብልሽት ብለህ አትመዘግብም።

የሀገራችን ሰው «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል። ጥሩ ምክር ነው። ምክሩ ግን ግማሽ ነው። ከጠረጠርክ በኋላ ገንፎውን ማማሰል አለብህ።

የ1998 ክረምት

ጁላይ 1998 ላይ ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫን እያስተናገደች ሳለ የቱር ደ ፍራንስ ብስክሌት ቡድን የፌስቲና ሠራተኛ መኪናው ውስጥ ኢፒኦና ሌላም ጭኖ ድንበር ላይ ተያዘ። ስፖርት ሁሉ ተናወጠ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጣሊያን ውስጥ አንድ አሰልጣኝ አፉን ከፈተ።

ዝዴኔክ ዜማን ይባላል፣ ፕራግ የተወለደ፣ በወቅቱ የሮማ አሰልጣኝ። ተጫዋቾቹን የስታዲየም ደረጃ ላይ ሽቅብ በማስሮጥ የታወቀ፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው። የተናገረው በአጭሩ፣ እግር ኳስ ከፋርማሲ ይውጣ ነው። ከዚያም የአንዳንድ የጁቬንቱስ ተጫዋቾች ጡንቻ በአጭር ጊዜ መፈርጠም እንዳስገረመው ገለጸ፣ ቪያሊንና ዴል ፒዬሮንም በስም ጠራ። ሁለቱም አጥብቀው አስተባበሉ፣ ጁቬንቱስም ተቆጣ። እውነት ለመናገር ለጡንቻው ሌላ ማብራሪያ ነበረ፦ የአሰልጣኝ ሊፒ የአካል ብቃት ኃላፊ ጃምፒዬሮ ቬንትሮኔ በጭካኔው የታወቀ ልምምድ ያሠራ ነበር።

ዜማን ያቀረበው ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አልነበረም። የቱሪን ዐቃቤ ሕግ ራፋኤሌ ጓሪኒዬሎ ግን ጥርጣሬውን ተቀብሎ ማማሰል ጀመረ። መጀመሪያ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ከቱሪን ሳይሆን ከሮም ነው የመጣው። ለኔ የታሪኩ ልብ እሱ ነው።

ያልተጠየቀው ጠርሙስ

ሮም ውስጥ አክዋ አቼቶዛ በሚባል ቦታ የጣሊያን ኦሊምፒክ ኮሚቴ የዶፒንግ ላቦራቶሪ ነበረው። የኳስ ተጫዋቾች ሽንት ከየስታዲየሙ እየታሸገ እዚያ ይሄዳል፣ «ነፃ» ተብሎ ውጤት ይመጣል። ሁሉም ሰው ሥርዓቱ ይሠራል ብሎ ያምናል። ምርመራው ሲከፈት ግን ላቦራቶሪው በኳስ ተጫዋቾች ናሙና ውስጥ መፈለግ ያለበትን ሁሉ እንደማይፈልግ ታወቀ። አናቦሊክ ስቴሮይድ፣ ማለትም ዋናው የጡንቻ መድኃኒት፣ በብዙ ናሙና ላይ ጭራሽ አልተፈለገም። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የላቦራቶሪውን ዕውቅና አገደ። የጣሊያን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ፔስካንቴ በዚያው መስከረም ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

እስቲ ይሄን ረጋ ብላችሁ አስቡት። ጠርሙሱ ነበር። ሽንቱ ነበር። ማሽኑም ነበር። ጥያቄው ብቻ አልተጠየቀም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ ሁሌም መልሱ «ነፃ» ነው።

ይሄ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ ድርጅት የክፍያ ሲስተሙ ላይ ብር ሁለት ጊዜ የተቆረጠባቸው ደንበኞች ተገኙ። ማን ምን እንደነካ ለማየት ሎጉን ስንከፍት፣ በዚያ ክፍል መመዝገቡ ከብዙ ጊዜ በፊት ተዘግቷል፣ ዲስክ እንዳይሞላ ተብሎ። ያን ሳምንት ኮዱ ላይ የሠራው አንድ ልጅ ነበር፣ ዓይን ሁሉ ወደሱ ዞረ። ጥፋተኛ ነው የሚል አንድ መስመር አልተገኘም። አይደለም የሚልም አልተገኘም። ማንም ፊት ለፊት አልከሰሰውም፣ ግን ወሳኝ ሥራ መስጠት አቆሙ። በአራተኛው ወር ለቆ ሄደ። እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሳ ሰው ትንሽ ዝም ይላል።

የማይመዘግብ ሥርዓት ሌባን ያስመልጣል፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ንጹሑን ሰው ደግሞ ያለ መከላከያ ያስቀረዋል። ይሄኛው ነው የሚረሳው።

ሰበር፣ ይርጋ፣ ዝምታ

ጓሪኒዬሎ ወደ ክለቡ ሲዞር በጁቬንቱስ የሕክምና ክፍል ውስጥ 281 ዓይነት መድኃኒት መገኘቱ ተዘገበ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ለአንድ የኳስ ክለብ ሳይሆን ለአንድ ጤና ጣቢያ የሚሆን ነው። ነገር ግን አብዛኛው የተከለከለ አልነበረም። ከነሱ አንዱ ቮልታረን ነው፤ እኛ ሰፈር ፋርማሲ ለጉልበት ሕመም የምንገዛው ዳይክሎፌናክ። ሌላው ክሬቲን ነው፣ እሱም አልተከለከለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክርክር ይሄ ሆነ፦ ያልተከለከለ መድኃኒት ላልታመመ ሰው ለብቃት ሲባል ቢሰጥ ማጭበርበር ነው?

ሁለተኛው ክርክር ኢፒኦ ነበር። ምርመራ ስላልነበረ ቀጥተኛ ማስረጃ የለም። ያለው ከ1994 እስከ 1998 ክለቡ ራሱ ለራሱ ሥራ ያስመረመራቸው የተጫዋቾች የደም ውጤቶች ናቸው። የደም ሐኪሙ ጁዜፔ ዶኖፍሪዮ እነዚያን ወረቀቶች አጥንቶ፣ የአንዳንዶቹ መለዋወጥ በተፈጥሮ የሚመጣ አይደለም፣ ኢፒኦን ያመለክታል ብሎ መሰከረ። መከላከያው በበኩሉ መለዋወጡ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብሎ ተከራከረ። እኔ እዚህ ላይ የሚታየኝ፣ ለሌላ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ያልታሰበለትን ጥያቄ እንዲመልስ ሲገደድ ነው። አንዳንዴ ይመልሳል። ሰው ለመኮነን ሲሆን ግን ያስፈራል።

ችሎቱ በ2002 መጀመሪያ ተከፈተ። የተከሰሱት ተጫዋቾች አልነበሩም፤ የክለቡ ሐኪም ሪካርዶ አግሪኮላ እና ዋና ሥራ አስኪያጁ አንቶኒዮ ጂራውዶ ነበሩ። በኖቬምበር 2004 ሐኪሙ ጥፋተኛ ተብሎ 22 ወር እስራት በገደብ ተፈረደበት፣ ሥራ አስኪያጁ ነፃ ወጣ። ዲሴምበር 2005 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሐኪሙንም ነፃ አለው። በ2007 ነገሩ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። የመድኃኒቶቹ አጠቃቀም ጥያቄ እንደገና ተነሣ፣ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ይርጋ!

ሕግ ለተማረ ሰው ይርጋ ተራ ነገር ነው። ለደጋፊ ግን እንዴት ያለ መጨረሻ ነው? «ጁቬንቱስ ተፈርዶበታል» የሚለው ሰው የ2004ን ወረቀት ይይዛል። «ነፃ ተብሏል» የሚለው የ2005ን። ሁለቱም እውነተኛ ወረቀት ነው የያዙት። ለዚህ ነው ክርክሩ የማያልቀው። ሻምፒዮንነቱን ማንም አልነጠቀም፣ ዋንጫው ዛሬም ቱሪን ነው።

ናሙና ሲኖር

ከዚህ ጋር ሁለት ታሪኮችን አስተያዩልኝ።

በ2001 ጣሊያን ውስጥ ናንድሮሎን በሚባል ስቴሮይድ ብዙ ተጫዋቾች ተያዙ። ከነሱ መካከል ዳቪድስ አለ፣ ያው የአያክሱ ልጅ፣ በዚያን ጊዜ የጁቬንቱስ ተጫዋች። የቪየናው ፍራንክ ደ ቡር ደግሞ በዚያው ዓመት በባርሴሎና ማሊያ በዚሁ ነገር ተያዘ። ሁለቱም አውቀን አልወሰድንም አሉ፣ ሁለቱም ታገዱ። ይሄ ስለ 1995 ምንም አይነግረንም፣ ግን «የኛ ልጆች ንጹሕ፣ የነሱ ቆሻሻ» ለሚል የአያክስ ደጋፊ ማሰቢያ ነው። በዚያው ዓመት ለብሬሻ ይጫወት የነበረ የ30 ዓመት አማካይም ተይዞ አራት ወር ታገደ። ፔፕ ጓርዲዮላ ነው። በ2005 በፍርድ ቤትም ተፈረደበት። አልወሰድኩም ብሎ ዓመታት ተሟገተ። በ2007 ይግባኝ ሰሚው ነፃ አለው፣ በ2009 የስፖርቱ አካልም ስሙን አጸዳ። መሟገት የቻለው የሚሟገትበት ነገር ስለነበረው ነው፦ ቁጥር ያለው ውጤት፣ ባለሙያ መልሶ ሊመረምረው የሚችል ሂደት። የከሰሰው ወረቀት ነው መልሶ ነፃ ያወጣው።

ሁለተኛው ወደ እኛ ይጠጋል። በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ ወርቅ ስትወስድ፣ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አቤይለገሰ ሁለተኛ፣ መሠረት ደፋር ሦስተኛ ሆኑ። ኤልቫን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኦሳካ ላይ የሰጠችው ናሙና ተቀምጦ ነበር። በ2015 በአዲስ ዘዴ እንደገና ሲመረመር ስቴሮይድ ተገኘበት። በ2017 የዚያ ዘመን ውጤቶቿ ተሰረዙ፣ የመሠረት ነሐስ ብር ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል፣ መድረክ ላይ ቆሞ ባንዲራ ሲወጣ ማየትን ማንም አይመልስላትም። ግን መዝገቡ ተስተካከለ። የተስተካከለው ደግሞ አንድ ሰው ጠርሙሱን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ ስለነበር ነው።

የሮሙ ፍፃሜ ያጣው ይሄን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ በ1999 ተመሠረተ፣ ጣሊያን በ2000 ዶፒንግን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣች፣ የስፖርተኛ የደም ታሪክ ለዓመታት የሚመዘገብበት አሠራር መጣ፣ ናሙና እስከ አሥር ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመር ይችላል። ይሄ ሁሉ ግን ወደ ኋላ ሄዶ የ1996ን ጠርሙስ አይሞላም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ 36 ዓመት የሞላው ተከላካይ በ90ኛው ደቂቃ እንደ ልጅ ሲሮጥ አይታችሁ «ይሄ ሰው የሆነ ነገር ይወስዳል» ልትሉ ስትሉ፣ ጥርጣሬውን አልከለክላችሁም። ጠርጥሩ። ግን ቀጥላችሁ ናሙናው የት እንዳለ፣ ምን እንደተፈለገበትና ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። እነዚህን የሚጠይቅ ደጋፊ ሲበዛ ነው ሌባው የሚፈራው፣ ንጹሑም የሚያርፈው።

ቪርኮውድ ያን ምሽት በ37 ዓመቱ 120 ደቂቃ ሮጧል። ምናልባት ሥራውን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ብቻ ይሆናል። እሱን ደግፎ የሚመሰክር ጠርሙስ ግን ማንም አላስቀመጠለትም።